ከ«ጠብቁኝ» አፍ ቃል አይነጠቅም

እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን የምንጠራት «ጠብቁኝ» እያልን ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ምላሷ ሲያዝባት፣ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ አልወጣም ሲላት፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ ታነሳና «ጠብቁኝ» ትላለች። የሚገርመው ይህቺ አንዲት ቃል አትያዝባትም። ሌላው ሁሉ ሲያምፅባት ይህቺ ታዛዥ ናት። የቡድናችን የስልክ ግሩፕ ውስጥ ስትገባ በስሟ ቦታ ይህንኑ ጻፈችና በዚያው ጸና።

ፕሮግራመር ናት። መሥሪያ ቤቷ ለፋርማሲዎች ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው፤ ባለ ፋርማሲው የትኛው መድኃኒት እንዳለቀበት፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍበት እንደተቃረበ የሚያይበት፣ ከአከፋፋይም የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። እዚያ ቢሮ ከመስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። በሥራዋ የሚያማት ሰው የለም፤ ድምፅዋን የሰማ ግን ጥቂት ነበር። ክንዱ ክንዷን እየነካ ለሚቀመጠው ባልደረባዋ እንኳ የምትለውን በጽሑፍ ነበር የምትልክለት። እሱ ደግሞ ዞር ብሎ በአፉ ይመልስላታል። እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ።

ያሳደጓት እናቷ ብቻቸውን ናቸው። አባቷ ገና በእቅፍ ሳለች ነው የሞቱት። እናቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናቸው፤ የቤቱ የፊት ክፍል የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ቁርጥራጭና ሰማያዊ ክር የሞላበት ነው። የልጃቸው ምላስ ሲተሳሰር ማየት አንጀታቸውን ይበላው ስለነበር እሳቸው ይናገሩላታል። ሱቅ ሄደው «ስ...» ስትል፣ «ስኳር ነው የምትፈልገው» ይላሉ ከኋላዋ ሆነው። ዘመድ መጥቶ «እንዴት ነሽ?» ሲላት፣ «ደህና ናት» ይላሉ። ለሥራ የተፈተነች ዕለት ሳይቀር አብረዋት ሄደው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፈት አድርጎ «እንደምን አደርሽ?» ቢላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው የመለሱት እሳቸው ናቸው። ደግነቱ ፈተናው የጽሑፍ ነበር። ጠብቁኝ ይህን ስታወራ፣ ሥራውን ያገኘነው ሁለታችንም ነን፣ እማ ቀርታባቸው ነው እንጂ፣ ትላለች።

ወደ ስብሰባችን ያመጣት የሥራ ችግር ነው። ስብሰባችን ምን መሰላችሁ፤ በከተማው ውስጥ አንድ ዓይነት የፕሮግራም ቋንቋ የምንጠቀም ሰዎች በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። አንዱ ይነሳና ስለሠራው፣ ስላቃተው ወይም አዲስ ስላወቀው ነገር ይናገራል። እንጠይቃለን፣ እንከራከራለን፣ ሻይ ጠጥተን እንበተናለን። ያን ጊዜ የምንሰበሰበው ከጎማ መሸጫ በላይ በሚገኝ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። የጎማው ሽታ ደረጃውን አብሮን ይወጣል። ፕሮጀክተሩም ጤነኛ አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ከሚጥለው ምስል የታችኛው ቀኝ ጥግ አይታይም። ተናጋሪ ሁሉ ቁም ነገሩን እዚያ ጥግ ላይ እንዳይጽፍ አስቀድሞ ይነገረዋል።

ስብሰባውን የመሠረተው የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ የሆነ ጎልማሳ ሰው ነው። «ሊቀመንበር» እንለዋለን። ማንም አልመረጠውም። ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድረው፣ ሁላችን ስንሄድ ቀርቶ ወንበር የሚሰበስበው እሱ ስለሆነ ነው። የሚመራው ወንበሮቹን ነው ለማለት ያህል።

ጠብቁኝ መጀመሪያ የመጣች ዕለት የእንግዳው ተናጋሪ ርዕስ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች ነበር። እሷ በር አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጠናል። ገና አልተዋወቅንም። ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲባል እጇ ወጣ። የያዘችው ጥያቄ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ነው፦ ኔትወርክ ደካማ የሆነባቸው ፋርማሲዎች አንድ ጊዜ ያዘዙት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይመዘገብባቸው ነበር። አንድ ካርቶን የሳል ሽሮፕ ያዘዘ ሰው ሁለት ካርቶን ደጁ ላይ ተደርድሮ ያገኛል። ለምን?

ተነሥታ ቆመች። «የ... የ... የ...» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ።

ከፊት ረድፍ አንድ የባንክ ፕሮግራመር ነበር፤ «ኤክስፕረስ» ነው ቅጽል ስሙ። ሲናገር ቃላቱ እየተጋፉ ነው የሚወጡት፤ ኮድ ሲጽፍም እንደዚያው። ክፋት በዙሪያው አያልፍም፤ ለሰው ጉዳይ ከባለጉዳዩ በላይ የሚሮጥ ልጅ ነው። የልጅቷ ጭንቀት አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት፣ የሚዘገየው ለምንድን ነው ልትል ነው ብሎ ጥያቄውን ጨረሰላት። እንግዳውም ስለ መዘግየት ረዘም አድርጎ አብራራ። ግሩም ማብራሪያ ነበር፤ እሷ የጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም። አንገቷን ነቅንቃ ተቀመጠች። ጆሮዋ ፍም መስሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሰው ሲበተን እሷም ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ሊቀመንበሩ ወንበር እንደተሸከመ መንገዷ ላይ ቆመ። ጥያቄሽ እሱ አልነበረም አይደል፣ አላት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። የተሸከመውን ወንበር አውርዶ ተቀመጠበትና ዝም ብሎ አያት። ሰዓቱን አላየም፣ ፈገግ ብሎ አላባበላትም፣ ከንፈሯንም አልተከተለም። የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጠው ብቻ ተቀመጠ። እሷም እየተያዘች፣ እየተለቀቀች፣ እንደገና እየተያዘች ጥያቄዋን ከዳር እስከ ዳር ጠየቀች። ሊቀመንበሩ አገጩን ሲያሻሽ ቆየና፣ «አላውቀውም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚያውቅ እስክናገኝ አትጥፊ» አላት።

መልስ ሳታገኝ ነው የሄደችው። ሆኖም በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያዋ መጪ እሷ ነበረች፤ ሊቀመንበሩ ደረጃውን ሲወጣ ወንበሮቹ ተደርድረው አገኛቸው።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ አገኘች፤ መድረክ የሚፈሩትን ማለማመድ። ማንም አልሰጣትም፤ እንዲሁ ወደ እሷ ይሄዱ ጀመር። እኔ አንዱ ነኝ። የመጀመሪያ ንግግሬ ሲደርስ ስላይዶቼን እያገላበጥኩ ኮሪደሩ ላይ እንቆራጠጥ ነበር። ጠብቁኝ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና «ን... ንገረኝ» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የምታዳምጠው በመላ ሰውነቷ ነው፤ ያልገባት ቦታ ላይ ቅንድቧ ብቻ ከፍ ይላል። ቅንድቧ ከፍ ባለበት ሁሉ አስተካከልኩ። ስጨርስ የሰጠችኝ ምክር አንድ ቃል ነው፤ «ቀ... ቀስ»። ቀስ ብዬ ተናገርኩ፤ አላፈርኩም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሊቀመንበሩን ኩባንያው ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው። በመሰናበቻው ዕለት፣ ከእንግዲህ ስብሰባውን ማን ይይዘዋል ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር። አንዱ ልጅ ወልዷል፣ አንዱ ማስተርስ ጀምሯል፣ አንዱ ቤት እየቀየረ ነው። ኤክስፕረስ እጁን ሊያነሳ ሲል የባንኩ ስልክ ጠራና ወጥቶ ሄደ። ሊቀመንበሩ የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠብቁኝ እጅ ላይ አኖረው። እሷ ደነገጠች። እንኳን ስብሰባ ልመራ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለትም ምላሴ አይታዘዘኝም፣ ማለቷ ነበር፤ ግን ገና «እ... እ...» ላይ ሳለች ገብቶታል። ገብቶትም አላቋረጣት፤ እስክትጨርስ ጠብቆ ነው የመለሰላት።

«የሚናገር ሰው ሞልቶናል» አላት። «አንቺ ስትሰሚው ግን ሰው አሳምሮ ይናገራል። እሱን ነው የምፈልገው።»

የመጀመሪያዋን ስብሰባ ስትመራ ያየ አይረሳውም። ፊታችን ቆመች፤ «እን... እን...» አለች፤ አልሆነም። መዳፏን አነሳች፤ «ጠብቁኝ»። ከዚያ ወደ ላፕቶፗ ዞራ መጻፍ ጀመረች፤ ጽሑፉም ግድግዳው ላይ ፊደል በፊደል ሲወጣ አየነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደንብ አለን። ጥያቄ የጀመረ ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። ሌሎቻችን...» የመጨረሻው ቃል ያ የማይታየው ጥግ ላይ አረፈ። ኤክስፕረስም አፍታ ሳይቆይ፣ «እንጠብቃለን ነው የሚለው መሰለኝ» አለ ጮክ ብሎ።

ደንቡን ገና ተጽፎ ሳያልቅ ጣሰው። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤክስፕረስ ራሱ ምን እንዳደረገ ሲገባው አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ስብሰባ ላይ እንደዚያው አፉን ይዞ ነበር የሚቀመጠው። እንዲህ ዓይነት ቅጣት ደርሶበት አያውቅም፤ ቢሆንም ቻለው።

ደንቡ ያመጣውን ለውጥ ወዲያው አላስተዋልነውም። በቀስታ ነው የመጣው። ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። ከማሰቡ በፊት የማይናገር አንድ ሽማግሌ ፕሮግራመር አለን፤ የጥያቄውን ግማሽ ብሎ ግማሹን ሲያስብ ድሮ ሌላው ይቀድመው ነበር፤ አሁን የቀረውን ግማሽ ሰማነው፤ የሚደነቀው ለካ ያ ግማሽ ነው። ተማሪዎች መጡ። ሴቶች በዙ። አንዲት ተማሪ ለምን እዚህ መምጣት እንደወደደች ብጠይቃት፣ እዚህ አይቸኮልብኝም ነው ያለችኝ።

ከዚያ አዳራሹ ከእጃችን ወጣ። ማሠልጠኛው ተዘጋ፤ ከጎማው በላይ የልብስ ንጽሕና መስጫ ገባበት። ሌላ ቦታ መፈለግ የእሷ ፋንታ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ደውሎ ይጨርሰዋል። ለእሷ ግን ከስልክ የከፋ ጠላት የለም፤ ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ይዘጉባታል። ስለዚህ በምሳ ሰዓቷ በእግሯ ዞረች። ቤተ መጻሕፍት፣ ኮሌጅ፣ የወጣቶች ማዕከል ገባች። አንዱ ጋ ገና «አ...» ስትል ጸሐፊዋ እርዳታ ፈላጊ መስላት ወደ ሌላ ቢሮ መራቻት። አንዱ ጋ ጥበቃው ያመማት መስሎት ወንበር አቀረበላት። ጥርሷን ነክሳ ዞረች እንጂ አንድም ቀን በቃኝ አላለችም። እኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዴት ሆነ እያልን በግሩፕ ላይ መጠየቅ ብቻ ነበር ሥራችን።

በመጨረሻ የገባችው አንድ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ነው። ባለቤቱ በከባድ መኪና አገር ያቋረጡ፣ አሁን ግን ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ምሳቸውን እየበሉ ነበርና አፋቸው ሥራ ላይ ስለሆነ አላቋረጧትም። እስክትጨርስ በሉ፤ ሲጨርሱ እሷም ጨርሳ ነበር። መሃል ላይ ምላሷ ተይዞ ልታፍር ስትል ብቻ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ተረጋጊ የኔ ልጅ፤ እዚህ ቤት የሚጣደፍ ሰው ፈተና አያልፍም» አሏት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንድፈ ሐሳብ ክፍላቸው ባዶ ነው፤ ውሰጂው አሉ። ከዚያ ጀምሮ የምንሰበሰበው ግድግዳው በመንገድ ምልክት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው። ጥጉ ላይ ለማስተማሪያ የተከፈተ ሞተር ቆሟል። ተናጋሪዎቻችን ሰዓት ሲያሳልፉ የ«ቁም» ምልክቱን በጣት ማሳየት ብቻ በቂ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሃል ያንን የመጀመሪያ ጥያቄዋን አልጣለችውም። የሳል ሽሮፑን ምስጢር አንዱን ከአንዱ ስትጠይቅ፣ ስትሞክር፣ ሲከሽፍባት፣ እንደገና ስትሞክር ቆይታ ደረሰችበት። የኤክስፕረስ ባንክም ተመሳሳይ ችግር ገጠመው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ወስዶ እንድታስረዳው ለመናት። ሻዩ ቀዝቅዞ ሌላ እስኪመጣ፣ እሱም እስኪቀዘቅዝ ነገረችው። ያ ቸኳላ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ቃል ከአፏ ሳይነጥቅ ሰማት። ሲጨርሱ፣ ይህን ለእኔ ብቻ ነግረሽ መተው ግፍ ነው፤ በስብሰባው ላይ ተናገሪው፣ አላት።

እሷ በዚያ ሁሉ ዘመን ሌላውን ስታስናግር ራሷ መድረክ ላይ ቆማ አታውቅም። በጠየቅናት ቁጥር ወሬ ትቀይራለች። ኤክስፕረስ ፊቷ ሲለዋወጥ አየና ከልቡ የሆነ ሐሳብ አቀረበላት፤ ስላይዱን አንቺ አዘጋጂ፣ ንግግሩን ልክ እንደነገርሽኝ አድርጌ እኔ ልናገርልሽ፤ ያንቺ መሆኑንም በመጀመሪያ እናገራለሁ። ልታስብበት ጊዜ ጠየቀች።

ቤት ሄዳ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ የስፌት መኪናውን አቁመው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ይህን የመሰለ ልጅ ከየት ተገኘ አሉ። እሱ ይናገርልሽ፤ እውቀቱ እንደሆነ ያንቺ ነው፤ ምን ይጎድልብሻል? ጠብቁኝ ብዙ ቀን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ቀላል ነበር፤ ሐሳቧ ሳይበላሽ፣ ሳይቆራረጥ፣ በሚያምር አንደበት ይነገራል። አንድ ማታ እራት ላይ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እ... እማ፣ እኔ ነኝ የምናገረው» አለች።

እናቷ ደነገጡ፤ ከድንጋጤያቸውም ተቆጡ። ሰው ይስቅብሻል አሉ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ፊት ቃል አጥተሽ ስትቆሚ ማን ይደርስልሻል? እኔ የለሁም እዚያ። ጠብቁኝ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት፤ እናቷም ሁለቴ መልሱን ሊገምቱላት ሞከሩ፤ ሁለቴም አልሆነም። በኋላ ወጣ፦ «ታ... ታዲያ ነይ። ግን አ... አትርጂኝ።»

ቀኑ ደረሰ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ፤ ተማሪዎቹ ከሞተሩ ዙሪያ ቆሙ። እናቷ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በሻርፕ ሸፍነው መጡ። እኔ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ፈተና ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ጠብቁኝ ተነሣች። የመጀመሪያው ቃል አልወጣም። የጣሪያው ማራገቢያ ሲሽከረከር ይሰማል። አንገቷ ላይ ደም ሥሯ ተገተረ፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ማንም አልሳለም፤ ማንም ስልኩን አላየም። መዳፏን አነሳች።

«ጠብቁኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «የ... የዛሬው ርዕሴ ስለ መጠበቅ ነው። ከ... ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።»

ሳቁ ክፍሉን አናወጠው፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ መንገዱ ተከፈተላት። አልተፈወሰችም፤ እንደዚያ ብዬ አልዋሽም። በየመሃሉ ትያዝ ነበር፤ ግን ተይዛም አትደናገጥም። ነገሩን እንዲህ ዘርዝራ አስረዳችን። የፋርማሲው ፕሮግራም ትእዛዙን ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ ዋናው ኮምፒውተር፣ ይልካል፤ ሰርቨሩ ትእዛዙን መዝግቦ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይልካል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መልሱ መንገድ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ጥቂት ጠብቆ ተስፋ ይቆርጥና ትእዛዙን እንደገና ይልካል። ሰርቨሩ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መስሎት ይመዘግበዋል። ሽሮፑ ሁለት ካርቶን የሆነው በዚህ ነው። ሰርቨሩ አልዘገየም ማለት ነው፤ የቸኮለው ጠያቂው ነው። ይህን ስትል ዓይኗ ኤክስፕረስ ላይ አረፈ፤ እሱም አንገቱን ደፋ፤ ክፍሉ እንደገና ሳቀ። መፍትሔዋ ሁለት ነበር፤ ፕሮግራሙ እንደየቦታው ኔትወርክ እንዲታገሥ ማድረግ፣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መለያ መስጠት፣ ሁለተኛ ቢላክ እንኳ ሰርቨሩ አይቶ «ይሄንንማ ተቀብያለሁ» እንዲል።

መሃል ላይ አንድ ከባድ ነገር ሆነ። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ያዛት። «መ...» አለችና ቆመች። «መ...» አለች እንደገና። እኔ ያኔ ጎኔ ያሉትን እናት አየሁ። እስከዚያች ደቂቃ የሚባለው ሁሉ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ነበር፤ ይህቺን ቃል ግን ያውቋታል። ከንፈራቸው ቃሉን ይዞ ተከፈተ። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙና እጄን ያዙ። ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም አልተነቃነቅኩም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከፊት «መድኃኒት» የሚል የልጅቷ ድምፅ ሲመጣ እጄን ለቀቁት። የሻርፓቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ንግግሩ ከተመደበለት ሰዓት አለፈ። የማታ ክፍል የነበራቸው መንጃ ፈቃድ ተማሪዎች መጥተው በር ላይ ቆሙ። ባለቤቱ፣ ግቡ፣ ስለ መታገሥ ነው የሚወራው፣ ለእናንተም ይጠቅማል ብለው አስገቧቸው። ሁሉ ነገር አልሰመረም። በተግባር ላሳያችሁ ስትል የክፍሉ ኢንተርኔት እምቢ አለ፤ የመጨረሻውን ክፍል ዘላ አለፈችው። «የ... የሚታገሥ ፕሮግራም እንጂ የ... የሚታገሥ ኢንተርኔት አልሠራሁም» ብላ ጨረሰች። ስናጨበጭብ መንጃ ፈቃድ ተማሪዎቹም አብረውን አጨበጨቡ። ኤክስፕረስ ቆሞ ነበር የሚያጨበጭበው፤ ዓይኑ እርጥብ ነው።

ወንበር እየሰበሰብን ሳለ እናትና ልጅ በሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ወሬ ለመስማት ብዬ አይደለም፤ ወንበሮቹ የሚደረደሩት እዚያ ነበር።

«እኔ እኮ የማግዝሽ መስሎኝ ነበር» አሉ እናቷ። «ዕድሜሽን ሙሉ ቃል ከአፍሽ ስነጥቅሽ ኖርኩ ለካ።»

ጠብቁኝ እጃቸውን ያዘች። ለመናገር ስትታገል እናቷ ዝም ብለው ጠበቋት፤ እንደዚያ ሲጠብቋት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«ል... ልጅ ሳለሁ እ... እፈልገው ነበር፣ እማ። ባ... ባትናገሪልኝ ሱቅም አልሄድ ነበር። አ... አሁን ነው ያደግኩት።»

እናቷ ግንባሯን ሳሟትና ወጡ።

ይህ ከሆነ ቆየት ብሏል። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። በመሥሪያ ቤቷ ፋርማሲዎቹን እየዞረች የምታነጋግረው እሷ ሆናለች፤ ከባልደረባዋ ጋርም በአፍ መነጋገር ጀምረዋል፤ ለካ ሰውየው ቀልደኛ ነው። ስልክ ግን ዛሬም ትጠላለች፤ ከደወላችሁላት አታነሳም፤ ጻፉላት። ኤክስፕረስ በባንኩ ስብሰባ ላይ ደንባችንን ሊያስገባ ሞክሮ አለቆቹ እንደሳቁበት ነግሮናል፤ እኔ ግን አልተውኩም ይላል። ሊቀመንበሩ በሄደበት ከተማ ሌላ ስብሰባ አቋቁሟል፤ እዚያም ወንበር ይሸከማል።

ባለፈው ወር ከአንድ ትልቅ ጉባኤ አዘጋጆች መልእክት መጣላት። ስለ ንግግሯ ሰምተው ኖሮ እንድትናገርላቸው ፈለጉ፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የምንሰጠው ሩብ ሰዓት ነው አሏት። እሷ እጥፉን እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ጻፈችላቸው። ለአንድ ሰው ብለን ፕሮግራሙን አንቀይርም የሚል ትሁት መልስ መጣ። እኛ በእሷ ፈንታ ተናደድን፤ ኤክስፕረስማ ሊደውልላቸው ስልኩን አውጥቶ ነበር፤ እሷ አስተወችው። አልተከፋችም። ጊዜውን ከሰጣችሁኝ እመጣለሁ፣ ካልሰጣችሁኝም የትም አልጠፋም፣ ብላ ጻፈችላቸው። እስካሁን መልስ አልመጣም። ቅዳሜ ግን ስብሰባ አለን፤ ከተማሪዎቹ አንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትናገር ነው፤ ጠብቁኝም ልጅቷን ለማለማመድ ከሰዓቱ ቀድማ እንደምትመጣ በግሩፑ ላይ አሳውቃለች።